ምረቃ ስለሚጠብቁት የመለዮ አርማዎች

ሐሙስ፣ ነሐሴ 9 ቀን

ለተከበሩ የአልባሳትና የመለዮ መምሪያ ኃላፊ፣

የእርስዎም የመላው ቤተሰብዎም ጤና እንደተወለወለ ነሐስ እንዲያንጸባርቅ እየተመኘሁ፣ ለትልቅ ሰው ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ መሆኑን በፍርሃት እገልጻለሁ። ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ እንኳ አቤት ማለት ያቅተኝ ነበር፤ እማዬማ ይቺ ልጅ አፏን ሆዷ ውስጥ ረስታዋለች ትላለች። አሁን ግን ዝም ካልኩ ወንድሜ ሊሞትብኝ ነው።

እኔ አርማዎቹ በሚሠሩበት ወርክሾፕ ጠርዛቸውን በሞረድ የማለሰልስ ልጅ ነኝ። ወንድሜ በአዘቦት ቀን ዳቦ ጋጋሪ፣ ቅዳሜና እሁድ የእርስዎ በጎ ፈቃደኛ ወታደር ነው። ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

1ኛ. የበጎ ፈቃደኞቹ አርማ ተሠርቶ ካለቀ ወራት ቢያልፉም፣ እርስዎ መርቀው በእጅዎ እስኪያድሉ ከመጋዘን እንዳይወጣ በማዘዝዎ እናመሰግናለን። ሪባኑ ተገዝቷል፤ ባንዱም ሙዚቃውን አጥንቷል፤ የቀረው የእርስዎ መመቸት ብቻ ነው።

2ኛ. አርማ የሌለው ወታደር አይባልም የሚለው መመሪያዎ ቦታ መምረጡን አደንቃለሁ። ሰኞ ጎርፉ ሲመጣ ወንድሜን ከሊጡ ላይ ሲጠሩት ስለ አርማ ያነሳ አልነበረም። እግሩ ድልድዩ ሥር በግንድ ተቀጥቅጦ ወደ ጦር ሆስፒታሉ ስንወስደው ግን ተጠየቀ። የበሩ ዘበኛ አንገቱን ደፍቶ እማዬን፣ እናቴ እኔ ምን ላድርግ፣ አርማ የሌለውን እንዳታስገባ ተብያለሁ አላት። ዘበኛውም እንደ ወንድሜ በጎ ፈቃደኛ ነውና፣ በራሱ መለዮ ላይ የነበረው ለአርማው የተበሳው ቀዳዳ ብቻ ነው።

3ኛ. ይህኛውን በሥርዓት መጻፍ አቃተኝ። እግሩ ከጉልበቱ በታች ጠቁሯል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ከእሁድ ካለፈ እግሩ ብቻ አይደለም የሚሄደው ብላናለች፤ ቀዶ ሐኪም ያለው ደግሞ እዚያ በር ውስጥ ብቻ ነው። ወንድሜ በትኩሳቱ መሃል ሊጡ ሊፈስ ነው፣ ክደኑልኝ ይላል። እባክዎ።

ነገ ጠዋት አለቃችን ሳይገባ ማሽኑን አስነስቼ አንድ አርማ እመታለሁ። ወንድሜ መለዮ ላይ ሰክቼ፣ ከእማዬ ጋር በጋሪ እየገፋን በሩ ድረስ እንወስደዋለን። ሐሰተኛ ነው ከተባለ፣ በዚያው ቅርጽ ተመትቶ በእነዚሁ እጆች የተሞረደ ነውና በመጋዘን ያሉትም ሐሰተኞች ናቸው። ሊያስሩኝ ከፈለጉ አልሸሽም፤ ብቻ መጀመሪያ እሱ ይግባ።

ቀጠሮዎን የሚያናጋ ጎርፍ ዳግም እንዳይመጣ እየለመንኩ፣ እስከ መሬት እጅ የምነሳዎ፣

የአርማዎችዎ ሞራጅ

ማስታወሻ፦ ዘበኛው እማዬን ሲያጽናናት፣ ልጇ ከሞተ ለሬሳ ሣጥኑ አንድ አርማ በዕለቱ ከመጋዘን እንደሚወጣለት ነግሯታል። ለካ ያለ ምረቃም ይወጣል።