ከሕያዋን ጋር የተጠራው ስም

ውድ ልጄ ዳሚት፣ ሦስቱ ዕንቁዎች፣ ቡድሃ፣ ትምህርቱና መነኮሳቱ፣ በባሕሩም በየብሱም ይጠብቁህ። እንዴት ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን፤ ሩዙም ታጭዶ ገብቷል። ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ ደብዳቤህ አልደረሰንም፤ መቼም የመርከብ ሥራ ፋታ አይሰጥም።

በሙሉ ጨረቃው በዓል ከአባትህ ጋር ቅድስቲቱ ከተማ አኑራዳፑራ ሄደን ተሳለምን። ከመሄድህ በፊት "አብረን እንሳለም" እያልክ ስትለምነኝ "አጨዳው ይለፍ" ማለቴ ዛሬም ይቆጨኛል። አውቶቡስ ላይ ስልኬን ደጋግሜ ሳይ አባትህ፣ "ባሕር ላይ ኔትወርክ የለም አላልኩሽም?" ብሎ ተቆጣኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን የራሱን አውጥቶ አየ።

ከቡድሃ ቅዱስ ዛፍ ሥር የሎተስ አበባ አኑረን መብራት አበራን። እንዲጸልዩልህ ስምህን እዚያ ለነበሩት መነኩሴ ስነግራቸው፣ "እናቴ፣ ከሕያዋን ጋር ልጥራው ወይስ ካረፉት?" አሉኝ።

"ከሕያዋን ነዋ! ይሄ ይጠየቃል?" ብዬ ጮህኩባቸው። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

አባትህ ክንዴን ይዞ፣ "ይቅር ይበሉን አባቴ። ልጃችን ያልጻፈልን ሥራ በዝቶበት ነው" አላቸው። መነኩሴውም ስምህን ከሕያዋን ጋር ጮክ ብለው ጠሩት። ከዚያ ሳልጠይቃቸው ደገሙት።

አባትህ ሰላም ብሎሃል። ደህና ሁንልኝ ልጄ፤ እባክህ ደህና ሁን።

እናትህ ኩሱማላታ