ዝይ ጠባቂዋ እናትሽ

«እሷማ ስትጠብቅ አረጀች» ስትል ሰማኋት፣ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ፣ ከአጥሩ ወዲያ ለደንበኛዋ። ስለ ዝይዎቼ መሆን አለበት፤ ድካሜን ያየልኝ ሰው በመገኘቱ ደስ አለኝ።

ልጄ፣ የረገጥሽው መሬት ይለምልምልሽ፣ ክፉ ዓይን አይይሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ከደረጃው በቀር ከማንም አልተጣላም።

ሽለምጥማጥ ሁለት ዶሮ በላብኝ። የተረፈኝ ላባቸው ነው፤ እሱም ትራስ አይሞላም። አናጢው አጎትሽ መጥቶ የዝይዎቹን የጓሮ ማደሪያ ዙሪያውን በሽቦ አጠረው፤ አውሬው ቆፍሮ እንዳይገባም የሽቦውን ጫፍ መሬት ውስጥ ቀበረው።

«እንግዲህ ሰይጣንም አይገባም፣ እትዬ» አለኝ።

«ሰይጣን ዝይ አይበላም፤ አንተ ብቻ ሽለምጥማጡን አስብ» አልኩት።

ገና ሳይጨልም ዝይዎቹ ሰፈሩን በጩኸት አቀለጡት። ለካ አውሬው እዚያው ማደሪያው ውስጥ ካለው የእንጨት ክምር ሥር ተኝቶ ኖሯል፤ አጎትሽ ያጠረው ከነሱው ጋር ነው! መውጫ አጥቶ ጥጉን ይዟል፣ ወንዱ ዝይ ደግሞ አንገቱን አስግጎ እንደ ዳኛ ቆሞበታል። በሩን ብከፍትለት ቀና ብሎም ሳያየኝ ሹልክ ብሎ ወጣ። ከዝይዎቹ የጎደለ የለም፤ የጎደለው የአጎትሽ ስም ነው። የእጁን ሥራ ጥንካሬ ግን አልክድም፤ አንዴ የገባ አይወጣም።

አንቺም እዚያ በርሽን ከመቆለፍሽ በፊት ውስጡን እይ።

ብርድ አይንካሽ፣ ደግ ሰው አይጥፋብሽ፣ ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ። የምትመጪ ከሆነ ግን ቀደም ብለሽ ንገሪኝ። ከዚያ ወዲህ ዝይዎቹ የሚያድሩት አንቺ ክፍል ነው።