በረዶ ያስቀረብን ቁርባን

እሑድ፣ ታኅሣሥ ፱ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ዛሬ ፊደል የማስተምራቸውን ሕፃናት ይዤ ወደ ቅዳሴ ስንሄድ፣ ሌሊቱን ውርጭ ወርዶ ኖሮ ኩሬው በረዶ ለብሶ አገኘነው። ብርቄ ስባሪውን አንስታ ቆረጠመችው። ይህች ልጅ አባቷ ጣሊያንን ሊወጋ ዱር ከገባ ወዲህ፣ «ስለ እሱ ብዬ ልቁረብ» እያለች ስትለምነኝ ከርማ፣ ዛሬ ነበር የምትቆርበው።

«ቆራቢ ውኃ አይቀምስም፤ ጾምሽን ፈታሽ» አልኋት።

«መች ውኃ ጠጣሁ እማሆይ? ድንጋይ ነው!»

«ብርድ ያረጋው ውኃ ነው።»

ሕፃናቱ ሳቁብኝ። በመዳፌ ይዤ ባቀልጥላቸው፣ «ላብዎ ነው» አሉኝ። ያስተማርሁት ከንቱ ሲቀር አልወድም። ሌላ ስባሪ አፌ ውስጥ ጨመርሁና ሲቀልጥ ዋጥሁት።

«ይኸው! ውኃ ሆኖ ወረደ።»

ብርቄ ቁርባኑ እንደ ቀረባት ገብቷት የወረደውን ዕንባዋን ጠረገች። «እንግዲያ እርስዎም ጠጥተዋላ!»

እኔም ልቆርብ ነበር የሄድሁት። ሌሎቹ ሲቆርቡ ሁለታችን ከወይራው ሥር ቆመን ስለ አባቷ አቡነ ዘበሰማያት ደገምን። በየመሀሉ ሳቅ ያመልጣታል። እኔንም እያመለጠኝ እንዴት ልገሥጻት?

ለመጪው እሑድ አፏን በነጠላ ሸፍኜ እወስዳታለሁ። የራሴንም ጭምር።