ከሰላምታ ያላለፈው ቃለ መጠይቅ

ሰኞ
አበላሸሁት! ጠዋት ሐርቡ ወርጄ የአባዬን የድሮ ጎረቤት፣ ሼህ ሰይድን፣ ስለ ፓፓያ እርሻቸው ጠየቅኳቸው። ደሴ ዶርም ገብቼ በስልኬ የቀዳሁትን ስከፍተው፣ ያለው ሰላምታ ብቻ ነው። "አፊያ ነሽ? አባትሽ አፊያ ነው? እናትሽስ? የደሴ ብርድ እንዴት አረገሽ?" ከዚያ ረጅም ዱዓ። ከዱዓው በኋላ የስልኬ ሜሞሪ ሞልቷል። ስለ ፓፓያ አንዲት ቃል የለም! ግን ሽማግሌ ሲመርቅ ማን ያቋርጣል?

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ በዩኒቨርሲቲያችን ሬዲዮ የሚተላለፍ የመጀመሪያ ፕሮግራሜ ነበር። አባዬ ኮምቦልቻ ሆኖ ይሰማዋል። ሚዲያ መማሬን አልወደደውም፤ ወደ አካውንቲንግ ቀይሪ ይላል። "ወሬ እንደሁ ሰፈራችንም ሞልቷል።" ስንት ለምኜው ነው "እሺ፣ ልስማሽና እንወስናለን" ያለኝ።

ማክሰኞ
ሐርቡ ደወልኩ። ሼህ ሰይድ ለሰርግ ባቲ ሄደዋል፤ እስከ እሑድ አይመለሱም። የሰጡኝን ፓፓያ ከዶርም ጓደኛዬ ከትዕግሥት ጋር በላነው። "ማስረጃውንም በላነው" አለችኝ። ሳቄ መጣ፣ ልቅሶዬም።

ረቡዕ
ለመምህራችን እውነቱን ነገርኳቸው። ሁሌ የሚሉን "ሰላምታውን ቁረጡ፣ ፍሬ ነገሩን አስቀድሙ" ነው። የእኔ ሰላምታው ከተቆረጠ ምንም አይተርፈውም። ማዳመጫውን አድርገው ሰሙ። ዱዓው ላይ ሲደርሱ ሳያስቡት "አሚን!" አሉ። ሁለታችንም በሳቅ ፈነዳን። ያኔ ብልጭ አለልኝ።
"መምህር፣ ስለ ሰላምታችን ልሥራው?"
"ታዲያ ምን ቆመሽ ታያለሽ?"

ሐሙስ
የራሴን ፎቶዎች ሁሉ አጥፍቼ (አይ መሥዋዕትነት!) ፒያሳ ወጣሁ። አንድ የባጃጅ ሹፌር መሐል መንገድ ላይ አቁሞ ከአንድ አዛውንት ጋር ሰላም ይባባላል። ከኋላው ጡሩምባ ይቀልጣል፤ እነሱ ገና "ከብቱስ ደኅና ነው?" ላይ ናቸው። ሁሉንም ቀዳሁት። ማታ ትረካዬን ቀድቼ ድምፄን ስሰማው የሌላ ሰው መሰለኝ። ወደድኩት ግን።

ዓርብ
ተላለፈ! እየተሰማ እያለ አባዬ ጋ ደወልኩ። አያነሳም። እናቴም አታነሳም። ደግሜ ልሞክር ስል ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ጠፋ፤ ዶርማችን ደግሞ መብራት የለም። ሬዲዮውን ሳይከፍተውስ ቢቀር?

ቅዳሜ
ኮምቦልቻ ነኝ። እናቴ ገና በር ላይ እየሳቀች ነገረችኝ። ሼህ ሰይድ በሬዲዮ "አባትሽ አፊያ ነው?" ሲሉ አባዬ ተነስቶ "አልሐምዱሊላህ፣ አንቱስ?" አለ። እያንዳንዷን ጥያቄ መለሰ። ለዱዓው እጁን ዘረጋ። ስልኩ ሲጠራ እናቴ "አንሳው እንጂ" ብትለው፣ "ሰው እያናገረኝ!" ብሎ ተቆጣት።

ምሳ ላይ አባዬ፣
"ለመሆኑ የሼህ ሰይድ ፓፓያ ዘንድሮ እንዴት ነው?"
"እሱን ገና እጠይቃቸዋለሁ፤ በሬዲዮ ትሰማዋለህ" አልኩት።
"እንግዲያው ሰዓቱን አስቀድመሽ ንገሪኝ።"
"አካውንቲንጉስ?"
"ሰዓቱን ንገሪኝ አልኩሽ እኮ፣ ልጄ።"