ማርታ በመንገድ ላይ የተናገረችው

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ፣ እህትም እናትም ለሆንሽኝ እትዬ፤

እንደምን ከረምሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ወገብሽ ዛሬም ጎንበስ ስትዪ ይይዝሻል ወይስ ሐኪሙ ያዘዘልሽን እረፍት አንድ ቀን እንኳ ሞክረሽዋል? አልሞከርሽም፤ አውቅሻለሁ። የእማዬ ጉልበት እንዴት ሆነ? ባልሽ ጋሼስ ሳሉ ተሻለው? ልጆቹ ማገዝ ጀመሩ ወይስ ገና ማስቸገር ላይ ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከእናንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም። ከሕፃናት ክፍል ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ስላዛወሩኝ ሥራው በርትቶብኛል እንጂ ደህና ነኝ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ መጀመሪያ በደስታ፣ ቀጥሎ በንዴት። ጉባኤው ሴቶቹን እንዳስተምር መረጠኝ ስትዪ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ዝቅ ብዬ ሳነብ ግን፣ የተማረ ሰው ፈልጉ፣ እኔ የድስት ሰው ነኝ ብያቸዋለሁ ትያለሽ! እነሱ እስከ ወሩ መጨረሻ አስቢበት በማለታቸው ደግ አደረጉ። ይህን የምጽፍልሽ ቀኑ ሳያልፍ እንዲደርስሽ ነው። እዚህ የሠራሁትን ጉድ ስሚና ራስሽ ፍረጂ።

እሁድ እሁድ ቃሉን ለመማር የምንሰበሰብበት አዳራሽ ከጀርባው ማድ ቤት አለው፤ በመካከላቸው ምግብ የሚተላለፍባት ትንሽ መስኮት አለች። ከትምህርቱ በኋላ ሁሉም አብሮ ምሳ ስለሚበላ እኛ ሴቶቹ ተራ ገብተን እናበስላለን። ተራ የደረሳት ትምህርቱን የምትሰማው በመስኮቷ ነው፤ ሽንኩርቱ ሲንጫጫ ግማሹ ይጠፋል። ዋናዋ አብሳይ፣ እማማ ጭልፋ የምንላቸው፣ ተራም የላቸው፤ ሁልጊዜ እዚያው ናቸው። ሙሴን ባሕሩ ዳር እንዳደረስኩት ድስቴ ገነፈለ፤ ይሻገር አይሻገር እስከ ዛሬ አላውቅም እያሉ ያስቁናል። ስስቅ ሆዴን ይበላኛል።

አንድ እሁድ አስተማሪያችን የማርታንና የማርያምን ታሪክ አነሳ። ማርያም እግሩ ሥር ቁጭ ብላ ቃሉን ስትሰማ ማርታ ግን በሥራ ባከነች፤ እህቶች ሆይ፣ እንደ ማርታ አትሁኑ እያለ ድምፁን ከፍ አደረገ። ተረኛዋ ደግሞ እኔ ነበርኩ፤ ሩዝ እያወጣሁ። እትዬ፣ ምላሴን ታውቂው የለ! አንገቴን በመስኮቷ አውጥቼ፣ ይቅርታ አድርግልኝና ያን ዕለት ምግቡን ማን አቀረበ? አልኩት። ሰዉ በሳቅ አውካካ። አስተማሪው ደግ ሰው ነውና አልተቆጣም፤ ግንባሩን ጠርጎ፣ በይ እንግዲህ የሚመጣው እሁድ አንቺ አስተምሪን አለኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ እሺ ከማለት ሌላ ምን ላደርግ!

ከሥራ ስወጣ ሳነብ ሰነበትኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት ታሪክ ለካ ግማሹን ብቻ ነበር። እሁድ ሲደርስ እማማ ጭልፋ ምድጃውን አጥፍተው፣ ሽርጣቸውን እንኳ ሳይፈቱ መጥተው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሌሎቹም ሴቶች ተከተሏቸው። እኔም ተነስቼ ጀመርኩ።

ቤቱ የማን ነበር? ብዬ ጠየቅሁ። ወንጌሉ ማርታ በቤቷ ተቀበለችው ይላል እንጂ የወንድሟ ቤት አይልም፣ የባሏም አይልም። ጌታም ስሟን ሁለቴ ጠርቶ ሲመክራት መባከኗን እንጂ ማብሰሏን አልነቀፈም። ማርያም የመረጠችውን ማንም አይወስድባትም አለ እንጂ ማርታ ገብታ አትቀመጥ አላለም። ከዚያ ወንድማቸው አልዓዛር ወደሞተበት ጊዜ አለፍኩ። የጌታ መምጣት ሲሰማ ማርያም እቤት እንደተቀመጠች ቀረች፤ ተነስታ መንገድ ድረስ የወጣችው ማርታ ናት። ፊት ለፊቱ ቆማ፣ አንተ እዚህ ብትኖር ወንድሜ ባልሞተ ነበር ብላ ሞገተችው። እዚያው መንገድ ላይ፣ አንተ ክርስቶስ፣ የእግዚአብሔር ልጅ እንደሆንህ አምናለሁ አለች። ጴጥሮስ ይህንኑ በመናገሩ ስንት ስብከት ተሰበከለት! የእሷን ግን ረስተን ጭልፋዋን ብቻ ያዝንባት አልኳቸው። ከዚህ ሁሉ በኋላም ወንጌሉ ሲያነሳት ማርታ እራት ላይ ስታገለግል ነው፤ የመሰከረው አፍና ምግቡን የቀመሰው አፍ አንድ አፍ ነው።

ስጨርስ እማማ ጭልፋ ብድግ ብለው፣ ለካ እኛም አለንበት! አሉና እንባቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። ምሳ ግን አልነበረም። አስተማሪው እጅጌውን ሰብስቦ ወንዶቹን እየመራ ማድ ቤት ገባ፤ ሩዙ ከሥር አርሮ፣ ከላይ ጥሬ ሆኖ ወጣ። አመስግነን በላነው። ከዚያ ወዲህ የማብሰሉ ተራ ወንዱንም ሴቱንም ያዳርሳል፤ እኔም በወር አንድ ቀን አስተምራለሁ። እማማ ጭልፋም በመጨረሻ ሙሴን አሻገሩት።

አልዋሽሽም፣ በራሴ ኮርቻለሁ። በአንቺ ግን የምኮራው ይበልጣል። ይህን ማን አስተማረሽ ሲሉኝ እህቴ አልኳቸው፤ እውነቴን ነው። አባዬን የቀበርን ዕለት እማዬ ከተቀመጠችበት መነሳት ሲያቅታት፣ በር ላይ ወጥተሽ ሰዉን ሁሉ የተቀበልሽው አንቺ ነሽ። ለሚጮኹት ሴቶች፣ አባቴ ይነሳል፣ እኔ ይህን አምናለሁ ስትዪያቸው ቀሚስሽን ይዤ ሰምቻለሁ። በማግስቱ ትምህርትሽን ትተሽ ድስቱን ያዝሽ፤ እኔ ደብተር እንድይዝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰባኪ ሰምቻለሁ፤ ያን ቀን በር ላይ ያልሽውን ያህል የገባኝ የለም። ታዲያ የትኛው የተማረ ሰው ነው የሚፈለገው?

እሺ በያቸው፣ እትዬ። ድስቱንም ተዪ ያለሽ የለም። ብቻ መልስሽን ሊሰሙ ሲጠሩሽ ከማድ ቤቱ በር ሆነሽ አትመልሺላቸው፤ ወደ ፊት ወጥተሽ፣ ቀና ብለሽ ተናገሪ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ የላክሁላትን ቅባት ሳትሰስት ትቀባው። ጋሼን ሰላም በዪልኝ፤ ስታስተምሪ ምሳው የእሱ ተራ ነውና ሩዝ ማሳረሩን ከአሁኑ ይለማመድ። ትንሹን ጉንጩን ንከሺልኝ። ትልቋን ልጅሽን ግን በዚያ ቀን ማድ ቤት እንዳትልኪያት፤ ፊት ወንበር ላይ አስቀምጪያትና እናቷን ትስማ።

አንቺ ቆመሽ ያስቀመጥሻት ታናሽሽ፤

ከሆስፒታሉ የነርሶች መኖሪያ፣ ሦስተኛ ፎቅ
ኅዳር ፲፪ ቀን