ሰው አለበት ያልኩት ክፍል

ሰኞ
ዋሸሁ። ከሽንዲ ተዛውራ የመጣችው አዲሷ የኬሚስትሪ መምህርት፣ ትዕግሥት፣ የእማዬን ክፍል እንዳከራያት በር ድረስ መጣች። አልጋ ቤት ማደር ሰልችቷታል። «ሰው አለበት» አልኳት። ማን እንዳለበት አልጠየቀችኝም፤ ጨዋ ልጅ ናት። እማዬ ካረፈች ወራት አለፉ፤ አልጋዋ ግን እንደተነጠፈ ነው። እኔም ቀን ተማሪ ፊት ስለፈልፍ እውልና ማታ ድምፄን የሚሰማ ሰው የለኝም።

ማክሰኞ
ወንድሜ ከቡሬ ደወለ። «ሰው ያልኖረበት ቤት ይፈርሳል፤ አከራዪው እንጂ!» አለ። ዘጋሁበት። ሚስትና ልጆች ያሉት ሰው ምክር አያልቅበትም። ዛሬ ከትምህርት ቤት ውጪ ያነጋገሩኝ፦ እሱና ባለሱቁ። ብቸኝነቱ ከበደኝ።

ረቡዕ
ዘጠነኛ ክፍል፣ እንግሊዝኛ። «ኤምፕቲ» እና «ቬካንት»። ሁለቱንም «ባዶ» ብለው ጻፉልኝ። በምሳሌ መናኸሪያ ወሰድኳቸው። የባሕር ዳሩ ሚኒባስ ውስጥ ማንም ያልተቀመጠበት ወንበር አለ፤ ኤምፕቲ ነው። ግን ቦርሳ ተቀምጦበታል፤ ባለቤቱ ሻይ ሊጠጣ ወርዷል። ስለዚህ ቬካንት አይደለም፣ ሌላ ሰው አይይዘውም። ገባቸው! ደስ አለኝ። ከኋላ አንዷ እጇን አወጣች፦ «ቲቸር፣ ባለቤቱ ባይመጣስ?»
«ረዳቱ ቦርሳውን ያነሳዋላ!» ብሎ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።
እኔ አልሳቅሁም። ዓይኔን እንዳያዩት ዞሬ ሰሌዳውን ማጥፋት ጀመርኩ።

ሐሙስ
ወንድሜን ራሴ ጠራሁት። የእማዬን አልጋ ተጋግዘን ወደ ሳሎን አወጣነው። አፈኛው ወንድሜ ሲወጣ አለቀሰ። ከሰዓት በኋላ ትዕግሥትን ፈለግኳት። ሌላ ቤት አግኝታ ይሆን ብዬ ስፈራ ነበር።
«የነበሩት ሰው ወጡ እንዴ?» አለችኝ።
«እናቴ ነበረች። ከሞተች ቆየች።»
እጄን ያዘችኝ። ቅዳሜ እገባለሁ አለች።

ቅዳሜ
ፍራሽ፣ ሻንጣ፣ ባልዲ፣ ብዙ መጻሕፍት ይዛ ገባች። ልብስ መስቀያ ብላ ምስማር ስትመታ ደሜ ፈላ። የእማዬን ግድግዳ! ልናገራት ተነሥቼ ተመልሼ ተቀመጥኩ። መልካም አድርጌ እንደሆነ አላውቅም። አሁን ይህን እየጻፍኩ ሳለ ከግድግዳው ማዶ አነጠሰች። ሳላስበው «ይማርሽ!» ብዬ ጮህኩ። ደነገጥኩ፤ ድምፄ ለራሴም ከፍ አለብኝ።
እሷም ከማዶ «ያኑርዎ!» አለች።