የመልሱ ጨዋታ

ለምወድህ ልጄ ለሆካን፤ ሰላምታዬ ሜልቦርን ድረስ ይድረስህ። እኔና አባትህ በጤና አለን።

አስቀድመህ አንድ ነገር አስታውስ፤ ክለባችን በአውሮፓ ዋንጫ የገጠመው አንድ የሃንጋሪ ቡድን ብቻ ነው። ክለባችን በሜዳችንም በሜዳቸውም ተሸንፎ ወጣ። በረኛው አባትህ ነበር።

የድሮዎቹ ተጫዋቾች እንደ ልማዳቸው ጥቅምት ላይ ክለቡ ቤት ተሰበሰቡ። እኔም የቀረፋ ዳቦ ጋግሬ ሄድኩ። አባትህ እንደ ሁልጊዜው የዚያን ዘመን ታሪክ ጀመረላቸው፤ የመጀመሪያውን ጨዋታ ተርኮ ግን እዚያው አቆመ።

"ቀጥል እንጂ ሲክስተን፤ ሃንጋሪ ላይ አራት ያስገቡብህን ልትደብቀን ነው?" አለው የክንፍ ተጫዋቹ ሩነ።

"የመልሱን ገና መቼ ተጫወትን?"

ሁሉም ሳቁ። "በዚህ ጉልበትህ ልትዘል ነው እንዴ፣ ሽማግሌው?" አለው ሩነ።

አባትህ አልሳቀም። "አውቶቡሱ ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?" ብሎ ጠየቀው። ከዚያ በኋላ የቀለደ ሰው የለም።

ዕድሜ ልኬን የተማሪ ስህተት ሳርም ኖሬ ይህን አላረምኩም። ጓንቱን ቦርሳው ውስጥ ከትቶ በር ላይ ሲቆም፣ ጨዋታው በበረዶ ምክንያት ተራዝሟል እለዋለሁ። ትናንት፣ "አመሰግናለሁ እመቤት፤ ለአሰልጣኙም ይንገሩልኝ" አለኝ።

ሌላው ሁሉ ደህና ነው። የጣሪያው ፍሳሽ ተጠግኗል፤ ፖሙም ዘንድሮ ጥሩ አፍርቷል። እናትህ ጉንቮር ሰላምህን እመኛለሁ።

ለአባትህ ስትጽፍ ልጁ መሆንህን ከሁሉ በፊት ግልጽ አድርገህ ጻፍለት። እባክህ ቶሎ መልስልን።